ኢሜይል ሰርቨሩ ጊዜው አልፎበታል፤ የሚይዘውን ሰው ማን ያሠልጥነው?

ባለፈው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶችን የሚነካ ነገር ሆነ፤ ዜና ላይ ግን እምብዛም አልሰማነውም። በዓለም ዙሪያ ድርጅቶች የራሳቸውን ኢሜይል የሚያስተናግዱበት የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨር የ2016 እና የ2019 ሥሪቶች የድጋፍ ጊዜያቸው አበቃ። ሁለቱም በአንድ ቀን። በዚያው ዕለት ዊንዶውስ 10ም አብሮ ስለተሰናበተ ወሬው ሁሉ ስለ ላፕቶፕ ሆነ፤ የኢሜይሉ ነገር ተድበስብሶ አለፈ።

ድጋፍ አበቃ ማለት ሰርቨሩ በማግስቱ ይጠፋል ማለት አይደለም። አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይሄ ነው። ይሠራል። ኢሜይል ይመጣል፣ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁም "ይኸው እየሠራ አይደል እንዴ?" ይላሉ። የቀረው ጥገናው ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ በነጻ የሚደፍንላችሁ የለም። ጣሪያው እንደማያፈስ በጋ ላይ ቆሞ እንደ መመስከር ነው፤ ክረምት እስኪገባ ሁሉም ቤት ደህና ነው።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ሰርቨር ማሳደግ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ላይሰንስና ዕቃ ነው። ገንዘቡም ከተገኘ ለእሱ ይመደባል። ሰርቨሩን በየቀኑ ለሚይዘው ሰው ግን የሥልጠና በጀት አይያዝም። አደጋው የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ይሄን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ አንድ ሰሞን ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ወደሱ እመጣለሁ።

የማን ጉዳይ ነው?

"እኔ ጂሜይል ነው የምጠቀመው፣ ምን አገባኝ" የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ እኛ አገር ቢዝነስ ካርድ ላይ ጂሜይልና ያሁ ማየት የተለመደ ነው። ግን ለባንክ ስትጽፉ፣ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ስትልኩ፣ ለሆነ ትልቅ ድርጅት ፕሮፎርማ ወይ ሲቪ ስትልኩ፣ ከወዲያ ያለው ወገን የራሱ ሰርቨር ሊኖረው ይችላል። የደመወዝ ዝርዝር፣ የጨረታ ሰነድ፣ የፓስፖርት ኮፒ፣ የሕክምና ውጤት፣ የውል ረቂቅ ሁሉ ተጠራቅሞ የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ሰርቨሩ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ኤሲው አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ጠባቂው አንድ ልጅ ነው፤ ስሙ "አይቲው" ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የሚጠራው እሱ ነው። ስብሰባ ላይ ፕሮጀክተር አልበራ ሲል እሱ ነው። የአለቃ ልጅ ታብሌት ሲቆለፍም እሱ ነው። በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን የአሥር ዓመት ደብዳቤ ይጠብቃል።

አሁን ምን ተለወጠ?

ማይክሮሶፍት ድጋፉ ከማብቃቱ በፊት፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ምትኩን አውጥቷል። ስሙ ኤክስቼንጅ ሰርቨር ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን ይባላል። ከስሙ እንደምትረዱት አንዴ ገዝቶ ለዓመታት መገላገል ቀርቷል፤ በየጊዜው እየተከፈለበት የሚቀጥል ነው። ለዘገዩት ደግሞ በክፍያ የስድስት ወር ማራዘሚያ ተሰጠ፤ እስከ ሚያዝያ 6 ቀን 2018። ማራዘሚያ ግን ማራዘሚያ ነው፤ መፍትሔ አይደለም።

2019 ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ዕድለኛ ነው። የመጨረሻዎቹን ማሻሻያዎች እየጫነ ከቆየ አዲሱን እዚያው ሰርቨር ላይ ከላይ መጫን ይችላል። 2016 ላይ ያለው ግን አቋራጭ የለውም። አዲስ ሰርቨር ይተክላል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የመልእክት ሳጥን ያዛውራል፣ ከዚያ አሮጌውን በሥርዓቱ ያራግፋል። "በሥርዓቱ" የምለው በምክንያት ነው። ኤክስቼንጅ ከድርጅቱ የተጠቃሚዎች መዝገብ፣ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ከሚባለው ጋር የተጋባ ነው። የአሮጌውን ገመድ ነቅሎ መጋዘን መክተት ፍቺ አይሆንም፤ ስሙ መዝገቡ ላይ ይቀርና አዲሱን ሲያስቸግር ይኖራል።

ዕቃውም ተለውጧል። 2016 ሲጫን ዝቅተኛው መስፈርት 8 ጊጋ ባይት ራም ነበር። ለ2019 ማይክሮሶፍት የሚመክረው 128 ጊጋ ነው። በዚያ ዘመን የተገዛ ሰርቨር ላይ አዲሱን ልጫን የሚል ሰው መጀመሪያ ይሄን ማወቅ አለበት። ዋጋው በዶላር ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሄዷል። ስለዚህ የፋይናንስ ክፍል ሲያመነታ ይገባኛል። ነገሩን በትክክል አስረድቶ የሚያሳምን ሰው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ያንን ሰው ግን አላሠለጠንነውም።

"እኛ ኤክስቼንጅ የለንም፣ ዚምብራ ነው" የምትሉም አትዝናኑ። ለዓመታት በነጻ ሲሠራበት የነበረው የዚምብራ 8.8.15 ሥሪት ድጋፉ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። ከ9 ጀምሮ ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚጫን ነጻ ጥቅል አምራቹ አያወጣም። በ2022 በዚያው በዚምብራ ቀዳዳ በርካታ አገሮች ውስጥ ሰርቨሮች ተሰብረዋል። የምርቱ ስም ቢለያይም ታሪኩ አንድ ነው።

የአድዋ ቀን የወጣው ማሻሻያ

የካቲት 23 ቀን 2013 ዓ.ም.። እኛ አድዋን እያከበርን ነው፤ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። በዚያው ዕለት ማይክሮሶፍት ከተለመደው ወርሃዊ ቀኑ ውጭ አስቸኳይ ማሻሻያ አወጣ። ኤክስቼንጅ ላይ አራት ቀዳዳዎች ተገኝተዋል፤ ሃፍኒየም ብሎ የሰየመውና በቻይና መንግሥት ይደገፋል ያለው ቡድን እየተጠቀመባቸው ነው አለ። ቻይና አልተቀበለችውም። ዋናው ቀዳዳ ፕሮክሲሎጎን ተባለ። ሰርቨሩ ከኢንተርኔት የሚደረስበት ከሆነ አጥቂው ፓስወርድ ሳያስፈልገው መግባት ይችላል።

ቀጥሎ የሆነውን አስተውሉ። ማሻሻያው ከመውጣቱ በፊት ጥቃቱ የተወሰኑ ሰዎችን ያነጣጠረ ነበር። ከወጣ በኋላ ግን ሌሎች ቡድኖችም ሩጫ ጀመሩ፤ ሰው ሳይጭነው እንድረስ ብለው። በቀናት ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ተጠቁ። የአውሮፓ የባንክ ባለሥልጣን ኢሜይሉን ዘግቶ ነበር፤ የኖርዌይ ፓርላማ መረጃ ተወሰደበት። ማሻሻያ ማለት ለአጥቂውም ማስታወቂያ ነው፤ የት ጋ ቀዳዳ እንዳለ ያሳየዋል።

ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። አጥቂዎቹ ገብተው የሚሄዱ አልነበሩም። ዌብ ሼል የሚባል ትንሽ ፋይል ሰርቨሩ ውስጥ ትተው ይወጣሉ፤ በኋላ ተመልሰው የሚገቡበት የጓሮ በር ነው። ማሻሻያውን መጫን ዋናውን በር ይዘጋል እንጂ የጓሮውን አይዘጋም። አሜሪካ ውስጥ ይሄ ነገር ከመብዛቱ የተነሳ ኤፍቢአይ የፍርድ ቤት ፈቃድ አውጥቶ በግል ድርጅቶች ሰርቨር ውስጥ የቀሩትን ዌብ ሼሎች ራሱ ሰርዟል። ይሄን ሚያዝያ 2013 ይፋ አደረጉ። የሰርቨሮቹ ባለቤቶች ማሻሻያውን የጫኑ ጊዜ ነገሩ ያለቀ የመሰላቸው ብዙ ነበሩ።

እኔስ ምን አደረግኩ?

ያኔ ሌቨል 4 ጨርሼ፣ ሲኦሲ አልፌ፣ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ አይቲ ሰፖርት ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ሰባ የምንሆን ሠራተኞች ነን። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሄደ፤ ያስረከበኝ አንድ ደብተር ነው፣ ፓስወርዶች የተጻፉበት። ኤክስቼንጅ 2016 ነበር። ኤክስቼንጅ የሚባለውን ነገር በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው፤ በትምህርት ቤት የተማርነው ኬብል መግጠም፣ ኮምፒውተር ፈቶ መገጣጠም፣ ዊንዶውስ መጫን ነበር።

የፕሮክሲሎጎንን ወሬ የሰማሁት ማሻሻያው ከወጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። አወረድኩት፣ ሁለቴ ጠቅ አደረግኩት፣ መጫኛው ጨረስኩ አለኝ። ለአለቃዬ "ጨርሻለሁ" ብዬ ሪፖርት አደረግኩ። በማግስቱ በብሮውዘር የሚከፈተው ኢሜይል አልከፍት አለ። በኋላ ስረዳው ማይክሮሶፍት ራሱ ያስጠነቀቀበት ወጥመድ ነው፤ ያንን ፋይል በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ካላስኬዳችሁት አንዳንድ ፋይሎች ሳይቀየሩ ይቀራሉ፣ ስህተት አለ ብሎም አይነግራችሁም። ጨረስኩ ይላችኋል። አንድ የሥልጠና ቀን ላይ በአምስት ደቂቃ የሚነገር ነገር ነው።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ሰው ገብቶ ይሆን? የጓሮ በር ትቶ ይሆን? መፈተሽ እንዳለብኝ አላወቅኩም ነበር። እስከ ዛሬ መልሱን አላውቅም።

ሁለተኛው ጥፋቴ የባሰ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ኢሜይል መግባት አቆመ። አየሁ፣ ዲስኩ ሞልቷል። የሞላው በሎግ ፋይል ነው፤ ብዛቱ የትየለሌ። "ሎግ ማለት ማስታወሻ ነው፣ ምን ያደርጋል" ብዬ ጠረግኩት። ኢሜይሉ ተለቀቀ፣ ተመሰገንኩ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ የዩፒኤሱ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። መብራት ሲመጣ ዳታቤዙ አልነሳም አለ።

ምክንያቱን ያወቅኩት ከረፈደ ነው። ኤክስቼንጅ እያንዳንዱን ለውጥ መጀመሪያ ሎግ ላይ ይጽፋል፣ ከዚያ ወደ ዳታቤዙ ያስተላልፋል። በድንገት ሲጠፋ ያልተላለፈውን ከሎጉ አንብቦ ያሟላል። እኔ የጠረግኩት ማሟያውን ነበር። ሎጉ የተከማቸው ደግሞ ትክክለኛ ባክአፕ ስለማይወሰድ ነው፤ ባክአፕ በአግባቡ ሲወሰድ ሎጉ በራሱ ይጸዳል። የነበረን "ባክአፕ" አንድ ሰው ከስምንት ወር በፊት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ የገለበጠው ፋይል ነው፤ ሲሞከር አልሠራም። ባለሙያ ተጠርቶ፣ ሦስት ቀን ፈጅቶ፣ ከፊሉ ኢሜይል ጠፍቶ ተመለሰ። የፋይናንስ ኃላፊዋ "አንተ ልጅ፣ የአቅራቢው ፕሮፎርማ የታለ?" እያሉ በየሰዓቱ ይመጡ ነበር። የፕሮፎርማው ጊዜ አለፈ፣ ዋጋው ጨመረ። ለባለሙያው የተከፈለው ብቻ እኔን ለወራት ለማሠልጠን ይበቃ ነበር።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ድርጅቱም አላሠለጠነኝም፣ እኔም አልችልም አላልኩም። ሥራ እንዳላጣ "አውቃለሁ" ብዬ ገባሁ። እንደኔ ያሉ ልጆች ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ አሉ።

ሥልጠናው የታለ?

ሥልጠና የለም ማለት አይቻልም። በአዳማና በቢሾፍቱ ሆቴሎች የሚካሄደውን የዲጂታል ወርክሾፕ ብዛት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ማን ይሄዳል? ብዙ ጊዜ ኃላፊው ይሄዳል፤ አበል አለዋ። ሰርቨሩን የሚነካው ልጅ "ሲስተም ቢጠፋስ" ተብሎ ቢሮ ይቀራል። ኃላፊው ሰርተፊኬት ይዘው ይመለሳሉ፤ ልጁ ያው ደብተሩን ይዞ ይቀጥላል።

አገር አቀፍ ትኩረቱም ወደ ሌላ ነው። በ2016 ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ፕሮግራም ጥሩ ነገር ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት ያስተምራል። አዲስ የሚሠራ ሰው ያስፈልገናል። የተሠራውን የሚጠብቅም ያስፈልገናል። ድልድይ የሚሠሩ መሐንዲሶችን አስመርቀን የሚጠግን ሰው ካጣን ድልድዩ ስንት ዓመት ይቆያል?

የዓለም ገበያም አላገዘንም። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ኤምሲኤስኤ እና ኤምሲኤስኢ የሚባሉት የማይክሮሶፍት ሰርተፊኬቶች እ.ኤ.አ. ጥር 2021 መጨረሻ ላይ ተቋረጡ፤ የሰርተፊኬቱ መንገድ ወደ ክላውድ ዞረ። ክላውዱን ለመሸጥ ይመቻል። ሰርቨሩ ግን ያለው ክፍሉ ውስጥ ነው፤ የሚይዘው ሰው ደግሞ ስለሱ የሚማርበት መደበኛ መንገድ እየጠበበ ሄደ።

"ክላውድ ግቡና ተገላገሉ"

ይሄን መከራከሪያ በቀላሉ አላልፈውም፤ ግማሹ ልክ ነውና። ሠላሳ ሠራተኛ ያለው፣ የአይቲ ክፍል የሌለው ድርጅት የራሱን ኢሜይል ሰርቨር መያዙ ትርጉም የለውም። ወርሃዊ ከፍሎ ክላውድ ቢጠቀም ይሻለዋል። የእኔ የድሮ መሥሪያ ቤትም እንደዚያ ቢያደርግ ይሻለው ነበር።

ግን ክላውድ ሰውን ከሥልጠና አያወጣውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ስቶርም-0558 የተባለ ቡድን የማይክሮሶፍትን የመፈረሚያ ቁልፍ አግኝቶ የ22 ድርጅቶችን የክላውድ ኢሜይል አነበበ፤ የአሜሪካ የንግድ ሚኒስትር የነበሩት ጂና ራይሞንዶ ሳጥን ሳይቀር። የአሜሪካ መንግሥት ገምጋሚ ቦርድ በቀጣዩ ዓመት ባወጣው ሪፖርት ጥቃቱ ሊቀር ይችል ነበር ብሎ ማይክሮሶፍትን ወቅሷል። ጥቃቱን መጀመሪያ ያየው ማን መሰላችሁ? የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የራሱ ባለሙያዎች ናቸው፤ የሰርቨሩ ሳይሆን የሎጉ ጠባቂዎች። ሎግ ማንበብ የሠለጠነ ሰው ስለነበራቸው ነው ያዩት።

ግማሽ ክላውድ፣ ግማሽ ቤት የሆኑትም አሉ። ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኤጀንሲ ሲሳ ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አስቸኳይ ትእዛዝ አወጣ፤ ሐሙስ ወጥቶ እስከ ሰኞ ጠዋት እንዲፈጸም። ምክንያቱ፣ ቤት ያለውን ኤክስቼንጅ የተቆጣጠረ አጥቂ በዚያው ግንኙነት ወደ ክላውዱ መሻገር የሚችልበት ቀዳዳ ነው። አራት ቀን ብቻ! የእኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሐሙስ ቢመጣ፣ ሰኞ ጠዋት "ተፈጽሟል" የሚል ሰው አለን ወይ?

በዚያ ላይ የእኛው ጉዳይ አለ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ክላውዱም አብሮ ይቋረጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የሚይዝ ተቋም በአግባቡ እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሏል፤ ከአገር ስለሚወጣ መረጃም ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። አዋጁ ሰርቨሩን አይጠይቅም፤ ተቋሙን ነው የሚጠይቀው።

"ካሠለጠንነው ይሄዳል"

በየቢሮው የምሰማው ትልቁ ምክንያት ይሄ ነው። አሠልጥነነው ባንክ ይወስደዋል፣ ወይ ዱባይ ይሄዳል። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ግን ያልሠለጠነውም ይሄዳል። እኔም ሄጃለሁ። ልዩነቱ ሲሄድ ምን ትቶ ይሄዳል የሚለው ላይ ነው። አንድ ሰው ብቻ ካወቀ፣ ሲሄድ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ሁለት ሰው ካሠለጠናችሁና የሠሩትን እንዲጽፉ ካስገደዳችሁ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። የሥልጠና ወጪ የሚያሳስበው ሥራ አስኪያጅ ከውል ጋር ያያይዘው፤ ይሄን ያህል ጊዜ ታገለግላለህ፣ ካልሆነ ይሄን ትመልሳለህ ይበል። ሲሠራበት የቆየ አካሄድ ነው፤ አዲስ አይደለም።

ሥልጠናው ምን ይኑረው?

ፕሮጀክተር ላይ ስላይድ ማየት ሥልጠና አይባልም። እኔ ያኔ ባገኘሁት ኖሮ የምላቸው እነዚህ ናቸው፦

1. ማሳደግን በእጅ መሞከር። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ሰርቨርንም የኤክስቼንጅንም የ180 ቀን የሙከራ ሥሪት በነጻ ይሰጣል። ራሙ ጠቀም ያለ አንድ ኮምፒውተር ላይ አሮጌና አዲስ ሰርቨር ተክሎ፣ የሐሰት ሠራተኞችን ሳጥን ማዛወር፣ ማበላሸት፣ እንደገና መጀመር። እውነተኛው ሰርቨር ላይ የመጀመሪያ ጊዜ መሆን የለበትም።

2. ባክአፕ መመለስ። መውሰድ ሳይሆን መመለስ። ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ ባዶ ዲስክ በሉት። በሦስት ወር አንዴ ተሞክሮ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይጻፍ።

3. ማሻሻያ መጫን፣ ከዚያ ማረጋገጥ። ማይክሮሶፍት ሄልዝ ቼከር የሚባል ነጻ መፈተሻ ያወጣል፤ የጎደለውን በዝርዝር ያሳያል። "ጨረስኩ" የሚለውን መጫኛ ማመን ምን እንደሚያመጣ ነግሬያችኋለሁ።

4. ወረፋና ሎግ ማየት። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ፈረንጆቹ 2022ን ሲቀበሉ፣ በዓለም ዙሪያ የኤክስቼንጅ ሰርቨሮች ኢሜይል ማስተላለፍ አቆሙ። ጠላት አልነበረም፤ የቫይረስ መፈተሻው ቀኑን በቁጥር ሲጽፍ 2201010001 ሆነና ፕሮግራሙ ከሚችለው 2147483647 በለጠ። መልእክቶቹ አልጠፉም፣ ወረፋ ላይ ተደርድረው ነበር። የት ማየት እንዳለበት ያወቀ በሰዓታት ፈታው። ያላወቀ ሰርቨሩን እያጠፋ እያበራ ዋለ።

5. የስም መዝገቦች። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ጂሜይልና ያሁ የላኪውን ማንነት ማረጋገጫ አጥብቀዋል፤ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚባሉት። እነዚህ ካልተስተካከሉ የድርጅታችሁ ደብዳቤ ስፓም ውስጥ ይገባል ወይ ይመለሳል። ኤክስቼንጅ ሰርቨር በራሱ የዲኪም ፊርማ አያወጣም፤ ተጨማሪ ነገር ይፈልጋል። ከአይፒ ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብ ደግሞ በኢንተርኔት አቅራቢው እጅ ስለሆነ ተጠይቆ የሚሠራ ነው።

6. የገንዘብ ማጭበርበር። አጥቂው የአቅራቢን ኢሜይል ሰብሮ ይገባል፣ ዝም ብሎ ያነባል፣ ክፍያ ሲደርስ "የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል" ብሎ ይጽፋል። ለኤፍቢአይ በ2024 ብቻ በዚህ ዓይነት ማጭበርበር የተመዘገበው ኪሳራ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በመከራ ዶላር ለሚያገኝ አስመጪ ይሄ ሞት ነው። አይቲው በድብቅ የተተከለ የማስተላለፊያ ትእዛዝ መፈተሽ ይማር፤ ፋይናንስ ደግሞ ቁጥር ተቀየረ ሲባል በቀድሞው ስልክ ደውሎ ሳያረጋግጥ እንዳይከፍል ይደረግ።

7. ርክክብ መጻፍ። የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው ሥሪት፣ ሰርተፊኬቱ መቼ ያልቃል፣ ባክአፑ የት ነው። በደብተር አይደለም፤ ፓስወርድም እዚያው አይጻፍ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መንግሥት በኩል፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ስለ ጥቃት ሙከራ ሲያስጠነቅቅ እንሰማለን። ጥሩ ነው። ከማስጠንቀቂያው ጎን ሰርቨር ለሚይዙ ልጆች የእጅ ላይ ሥልጠና ቢኖር፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም የኔትወርክ ትምህርታቸው ውስጥ አንድ ኢሜይል ሰርቨር ተክሎ ማሳደግን ቢያስገቡ፣ ወጪው ከአንድ የሆቴል ወርክሾፕ አይበልጥም።

መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለሆናችሁ ደግሞ የሚቀጥለው ሰኞ የምትጠይቁት አራት ጥያቄ አለ። አይቲውን ጥሩት፣ ፕሪንተሩን ለአንድ ሰዓት ተዉት፣ አስቀምጣችሁ ጠይቁት። ኢሜይላችን የትኛው ሥሪት ላይ ነው? የመጨረሻው ማሻሻያ መቼ ተጫነ? ባክአፑን መልሰህ አይተኸው ታውቃለህ? አንተ ነገ ብትታመም ማን ይይዘዋል?

"አላውቅም" ካላችሁ አትቆጡት። እኔ ያንን ቃል ማለት ፈርቼ ነው ሎጉን የጠረግኩት። "አላውቅም" ያለ ልጅ ለመማር ዝግጁ ነው፤ የሚማርበትን ቀን ቆርጣችሁ ስጡት።

እናንተስ ገጥሟችሁ ያውቃል? መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ሰርቨር የምትይዙ ካላችሁ፣ ማን አሠለጠናችሁ? የድርጅታችሁን ስም ሳትጠቅሱ ጻፉልን፣ ለአለቆቻችሁም አጋሩት።